የሞተር ዘይት ልክ፤ ከዐፄ ምኒልክ ግቢ እስከ ዱራሜ አቀበት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከእኔ የጠበቁት ስለ አንድ ድልድይ ወይም ስለ አንድ ግድብ እንደ ነበረ እገምታለሁ። ስለ ድልድይና ስለ ግድብ ግን ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ የመረጥሁት ከክንድ ብዙም የማትረዝም፣ ጫፏ ላይ ሁለት ምልክት የተቀረጸባት ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ማለዳ ይመዛታል፤ በጨርቅ ይጠርጋታል፤ መልሶ ይከታትና እንደ ገና መዝዞ ያነባታል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይጨምራል፤ በሁለቱ መካከል ከሆነ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው መሐንዲስ አይባልም፤ ደመወዙም የመሐንዲስ ደመወዝ አይደለም። ይሁን እንጂ በአገራችን የሞተር ታሪክ ውስጥ እርሱ ከእኛ ቀድሞ የተሰለፈ ባለሙያ ስለ ሆነ፣ የእርሱን ነገር ማንሣት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ዱራሜን ያልጎበኘ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማዪቱ በከምባታ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ የምትገኝ መሆኗን ልንገረው። ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ሐላባ ቁሊቶ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሐላባ ወደ ዱራሜ የሚጓዝ መኪና ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ እንሰቱ አገር ይወጣል። በአንጋጫ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚሄደው መንገድ ደግሞ ሸንተረር ወርዶ ሸንተረር የሚወጣ ነው። በልጅነቴ ሁለቱም ጠጠር መንገዶች ነበሩ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። አባቴ በእነዚህ መንገዶች ላይ በጭነት መኪና ሾፌርነት ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ነው። ዘወትር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ በባትሪ ብርሃን ዘይቱን ይለካ ነበር። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ባትሪውንና ጨርቁን መያዝ ነበር። ጨርቁ ንጹሕ ካልሆነ ወይም ክር የሚለቅ ከሆነ ይቆጣኝ ነበር። ማታ ሲገባም መኪናዪቱን ሁልጊዜ በአንዲት ደልዳላ ቦታ ላይ ብቻ ያቆማት ስለ ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ቦታዋን በግብር ያስመዘገባት ይመስላቸው ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ በተዳፋት ላይ የቆመ ሞተር የዘይቱን ልክ በትክክል አይናገርም።

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ወደ 1900 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አቆራርጦ አዲስ አበባ አደረሳት፤ ለዐፄ ምኒልክም አቀረባት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናከ የምትባል መኪና ይዞ ገባ። የባቡሩ ሐዲድ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሞተሮች የሚያስፈልገው ቤንዚንም ሆነ ዘይት ከድሬዳዋ ወዲህ በእንስሳት ጀርባ ከመምጣት በቀር ሌላ መንገድ እንዳልነበረው መገመት አያዳግትም። አንድ ጣሳ ዘይት ሲያልቅ የሚተካው ከስንት ቀን በኋላ እንደ ሆነ አንባቢ ያስበው።

ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን በማየት ብቻ አልተወሰኑም። ሙያውን የሚያውቅ የአገር ሰው እንደሚያስፈልግ ተገንዝበው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴን ስለ መኪና እንዲማሩ ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ዛሬ በሰፊው የሚታወቁት በግጥማቸውና በዜማቸው ነው፤ በዚያው በጀርመን ቆይታቸው ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጿል፤ የአገራችን የሙዚቃ ሸክላ ታሪክም የሚጀምረው ከእነዚያ ቅጂዎች ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ሸክላውን በስፋት አንሥተው፣ የተላኩበትን ሙያ ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ደግሞ፣ ነውሩ የራሳችን ነውና ልናገረው፣ ከነጭራሹ አናነሣቸውም። የሞተርን ነገር እንዲማሩ ባሕር ተሻግረው ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ባለ ዜማ መሆናቸው ግን ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሮ መካኒክ ሞተርን የሚመረምረው በጆሮው ነበር።

ተሰማ በተማሩበት ዘመን ዘይት መፈተሽ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይቱን እያዞሩ ደጋግመው አይጠቀሙበትም ነበር። በሾፌሩ ፊት በተደረደሩ ትንንሽ መስተዋቶች ውስጥ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፤ ሥራውን ከሠራ በኋላ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ አንድ ዓይኑን በመንገዱ፣ አንድ ዓይኑን በጠብታው ላይ አድርጎ፣ አቀበት ሲገጥመው መክፈቻውን ላላ እያደረገ ይነዳ ነበር። ሾፌር የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነው፤ ከእንፋሎት ሞተር ሠራተኛ የተወረሰ ስም ነውና፣ ሾፌር ከመሪው በፊት የሞተሩ ሞግዚት እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከዚያ ቀጥሎ በመላው ዓለም የተሰራጨችው የፎርድ ሞዴል ቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው መኪና፣ ዘይቷን ከታች አጠራቅማ ሞተሩ ሲዞር እየረጨች ትሠራ ነበር። መለኪያ ዘንግ ግን አልነበራትም። በሞተሩ ጀርባ በታች በኩል ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ተተክለውባታል። ባለመኪናው ከሥር ገብቶ የላይኛውን ይከፍታል፤ ዘይት ከፈሰሰ ሞልቷል ማለት ነው። ካልፈሰሰ የታችኛውን ይከፍታል፤ ከዚያም ካልፈሰሰ ሞተሩ በአደጋ ላይ ነው። ትክክለኛው ልክ በሁለቱ መካከል ነበር። ዛሬ በዘንጋችን ላይ የምናያቸው ሁለት ምልክቶች እነዚያው ሁለት ቧንቧዎች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ልዩነቱ ከመኪናው ሥር መተኛት መቅረቱ ነው።

ዘይቱ በብረትና በብረት መካከል ምን እንደሚሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የተገለጠው በአንድ የእንጨት ውታፍ ነው። ይህን ታሪክ ለማያውቁ ባልደረቦች ልተርከው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቦሻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማ ዘንግ ተሸካሚን ሲመረምር፣ በተሸካሚው ክዳን ላይ ዘይት መጨመሪያ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ ይገባል ሲባል ጭራሽ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። ቀዳዳውን በውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት፣ ዘይቱ ከተሸካሚው አማካይ ጭነት የሚበልጥ ግፊት ይዞ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምስጢሩን በሒሳብ ፈታው፤ የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ያስገባዋል፤ ዘይቱም እንደ ሽብልቅ ሆኖ ዘንጉን ያነሣዋል። ስለዚህ በደኅና ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ ብሮንዚናውን አይነካውም፤ ከጥቂት ሺሕኛ ሚሊሜትር በማይበልጥ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ያ ንጣፍ ለአፍታ ሲቋረጥ ብረት ብረትን ያገኛል። እያንዳንዳችን ይህን ስሌት ለፈተና አጥንተነዋል፤ ምን ያህል እንደ ጠቀመኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የዘይቱ ታሪክ በአጭሩ ይታለፍ። የአሜሪካ አውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 ዘይትን በውፍረቱ የሚመድበውን ቁጥር አወጣ፤ ዛሬ በየጣሳው ላይ ኤስ.ኤ.ኢ. ተብሎ የምናነበው ነው። በ1920ዎቹ ፊልትሮ መጣ፤ ከዚያም ቆሻሻን የሚያጥቡና አሲድን የሚያመክኑ ቅመሞች ተጨመሩበት። አንድ ነገር ብቻ ለጨዋታ ያህል ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1909 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዌክፊልድ ካስትሮል የተባለውን ዘይት ሲያወጣ፣ ስሙን ያገኘው ውስጡ ከተጨመረው የጉሎ ዘይት የእንግሊዝኛ ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች በጉሎ ዘይት ይሠሩ ነበር። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ በአውሮፓ ሰማይ ላይ ሞተር ሲያለሰልስ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው በጓሮ የበቀለውን ጉሎ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሞተር በኢትዮጵያ ምድር በብዛት የገባው በመዓት ነው። የፋሺስት ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን በሺሕ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች አስገባ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሾፌሮቻችን እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ቁጥሯ ትሬንታ ኳትሮ የሚሏት ፊያት 634 ትገኛለች። ጦሩ ሲሸነፍ መኪናዎቹና ከመካኒኮቹም አንዳንዶቹ ቀሩ። ጋራዥ ከፍተው፣ የአገሩን ልጆች በረዳትነት ቀጥረው ሠሩ። መጽሐፍ አልነበረም፤ ትምህርቱ በእጅና በጆሮ ነበር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፊልትሮ፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ጎሚስታ፤ እነዚህን ቃላት ያስገባልን የቋንቋ ጉባኤ ሳይሆን በቅባት የተነከረ ቱታ የለበሰ ረዳት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ዘይት ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ዘይቱ የሚጠራቀምበት ኮፓ ስሙ ጣሊያንኛ ሆነ፤ የሚጣራበት ፊልትሮም እንዲሁ፤ ዘይቱ ግን በግዕዙ ስሙ ጸና። ምናልባት ረዳቱ የማያውቀውን ነገር ሁሉ በባዕድ ስም ሲቀበል፣ ይህን አንዱን ከመቅረዝና ከቤተ ክርስቲያን ያውቀው ስለ ነበር ይሆናል።

ከነጻነት በኋላ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1942 ተከፈተ። የዓለም ባንክ በ1950 ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ካበደረ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የምሕንድስና ኮሌጁም በ1952 ሥራ ጀመረ። ከአሜሪካ የመጡት የአውራ ጎዳና አማካሪዎች ከመንገድ መቀየሻው ጋር አንድ ልማድ ይዘው መጥተዋል፤ ለእያንዳንዱ መኪናና ለእያንዳንዱ ግሬደር የአገልግሎት ካርድ። ዘይት የተለካበት፣ የተጨመረበትና የተለወጠበት ቀን በጽሑፍ እንዲያዝ ማለት ነው። ከጣሊያኑ ጋራዥ የመጣው ትምህርት ሲበላሽ መጠገንን ሲያስተምር፣ ይኸኛው ሳይበላሽ መጠበቅን ያስተምራል። ሁለቱ ልማዶች እስከ ዛሬ በጋራዦቻችን ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የትኛው እንደሚያይል ለማወቅ የጋራዡን ካርድ ማየት ይበቃል፤ ካርድ ካለው።

የከምባታና የሐዲያ ልጅ ከሞተር ጋር የተዋወቀው ግን በአብዛኛው በአውራ ጎዳና በኩል ሳይሆን በሸንኮራ በኩል ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ከጀመረ በኋላ፣ መሬት የጠበበበት የአገራችን ሰው በብዛት ወደዚያ ወረደ። አያቴም አንዱ ነበር። ሸንኮራ ለመቁረጥ ሄዶ፣ ሁለት የመከር ወራት ከሠራ በኋላ ከትራክተር ሾፌር ጋር ዘይትና ግሪስ ሰጪ ሆነ። ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ፋኖስና «ብረትም እንደ ከብት ማለዳ ካላዩት ይከሳል» የሚል አነጋገር ነበር። አባቴ በ15 ዓመቱ የረዳትነት ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያ ትምህርቱ ከዚያ የመጣ ነው።

በዚያን ዘመን በመንገዳችን ላይ የነገሡት ኤንትሬ የምንላቸው ፊያት 682ቶች ነበሩ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቮልስ ነበረች፤ የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የላትም፤ በውሃ ፈንታም በአየርና በዚያችው ዘይት ትቀዘቅዛለች። ግማሽ ሊትር ቢጎድልባት ከአምስት እጅ አንዱን አጣች ማለት ነው። ቮልስ የነዳ ሰው ዘንግ መምዘዝን ካልተማረ፣ መሄድ በእግር ተምሯል።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ነበር። መካከለኛው ምሥራቅ ላይ የተነሣው ጦርነት የነዳጅን ዋጋ በዓለም ሁሉ ባናረበት ጊዜ፣ ጭማሪው እኛም ዘንድ ደረሰና መንግሥት ወደ ኋላ እስኪመልሰው ድረስ ከተማዪቱ ቆመች። የተከተለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። ለእኛ ርእስ የሚሆነው በተከተሉት 17 ዓመታት መለዋወጫ እንደ ብርቅ መታየቱና ከምሥራቅ አገሮች ካማዝ፣ ኡራልና አይፋ መግባታቸው ነው። የሶቭየት መኪናዎች መመሪያ ዘይትን በራሱ ምልክት እንጂ በኤስ.ኤ.ኢ. ቁጥር አያዝም ነበር። አባቴ እንደሚነግረኝ፣ በዚያን ጊዜ ጥሩ ረዳት የሚባለው ያለ ጽሑፍ፣ በሁለት ጣቱ መካከል አሽቶ የዘይቱን ውፍረት የሚያውቅ ነበር። ይህን እንደ መሐንዲስ አልመክርም፤ እንደ ልጁ ግን ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ተመርቄ ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንዲት ቀበሌ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ተፈትሾ ፓምፕ እንዲገጠምለት ከአዲስ አበባ ወደ ዱራሜ ተላክሁ። መኪናዋ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ናት። ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ጋራዥ ገብታ ዘይት ተለውጦላት ስለ ነበር ማንም ዘንጓን አልመዘዘም። አዲስ ዘይት ምን ይለካል? የማፍሰሻው ቡሎን በደንብ እንዳልጠበቀና መንገዱን ሙሉ እያንጠባጠበች እንደ መጣች የታወቀው በኋላ ነው።

ሐላባን አልፈን መውጣት ስንጀምር የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ አለ። ሜዳ ላይ ስንደርስ ጠፋ። ሁለተኛው ዳገት ላይ እንደ ገና በራ፤ ሜዳው ላይ ጠፋ። ከኋላ የተቀመጠው የፓምፕ ሠራተኛ፣ ትምህርቱን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ «ኢንጂነር፣ ቆም ብለን ብናየው ይሻላል» አለኝ። እኔም አውቅ ነበርና አስረዳሁት፤ ዘይት ቢጎድል ኖሮ መብራቱ በሜዳም አይጠፋም ነበር፣ ይህ የሽቦ መላላት ነው፣ ደርሰን እናየዋለን አልሁት። ሾፌሩ አዲስ ስለ ነበረ በእኔና በእርሱ መካከል አልገባም። ሦስተኛው ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይመታ ጀመር፤ ከዚያም ያዘና ቆመ።

የሆነው ነገር ለማንም ግልጽ ነው። ኮፓው ውስጥ የቀረው ጥቂት ዘይት ሽቅብ ስንወጣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፓምፑ መሳቢያ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ መብራቱ ይበራል። ሜዳ ላይ ዘይቱ ተመልሶ መሳቢያውን ይሸፍነዋል፤ መብራቱ ይጠፋል። ያ መብራት የግፊት እንጂ የልክ መብራት አይደለም። ሬይኖልድስን በሒሳብ የማውቀው እኔ ያላየሁትን፣ ሬይኖልድስን በስም የማያውቀው ሰው አይቶት ነበር። ብሮንዚናዎቹ ተልጠው ክራንክሻፍቱ ተበላ። ሌላ መኪና ተገኝቶ ፓምፑ እስኪደርስ አምስት ሳምንት አለፈ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ የቀበሌዋ ሴቶች ጉድጓዱ በደጃቸው ተቆፍሮ ሳለ ጀሪካን ይዘው ወንዝ ይወርዱ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ ላይ «ድንገተኛ የሞተር ብልሽት» ብሎ መዘገበው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማታ ዱራሜ ደርሼ ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም፤ «ከአዲስ አበባ እስከዚህ ስንት ጊዜ መዘዝኸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ የማየውን ልንገራችሁ። የልኩ ምርመራ ቀላል ቢሆንም፣ ከሚያበላሹት ነገሮች ብዙዎቹ ከመትጋት እንጂ ከመስነፍ አይመጡም። ሞተሩን እንዳጠፉ ወዲያው የሚለኩ አሉ፤ ዘይቱ ገና ከላይ ወደ ኮፓው አልወረደምና ዘንጉ ጎደለ ይላል፤ እነርሱም ይጨምራሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢያዩት ሞልቶ ነበር። ከልክ በላይ የሞላ ዘይት ደግሞ እንደ ጎደለ ዘይት ይጎዳል፤ ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋም ጭነት አይሸከምም። የናፍታ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቆረ ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ ጥላሸቱን ከሞተሩ አጥቦ መያዝ ሥራው ስለ ሆነ መጥቆሩ ብቻ በሽታ አይደለም። መደንገጥ የሚገባው ዘይቱ እንደ ወተት ሲነጣ ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ በጓርኒሲዮን በኩል ገብቷል። ቤንዚን ሲሸትም እንዲሁ። ጭስ ለሚያወጣ አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት የሚያዝዙ መካኒኮች እስከ ዛሬ አልጠፉም፤ ያለቀ ፋሻን በወፍራም ዘይት መደበቅ ጥቂት ወር ያስገኛል፣ ማለዳ በዱራሜ ብርድ ሲነሣ ግን ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረቱ ደረቁን ይፋጫል። ቀጭን ዘይት እንዲጠቀም ለተሠራ የዛሬ ሞተር ይህ ምክር ጥፋት ነው።

ስለ ተቃጠለው ዘይትም አንድ ቃል ማለት ይገባል። በአካባቢያችን ከሞተር የወጣ ዘይት አይጣልም፤ ምስጥ እንዳይበላው የቤት ምሰሶና የአጥር እንጨት ይቀባል። የአባቴ ቤት ምሰሶዎችም በእርሱ ተቀብተዋል፤ ቆመዋልም። ነገር ግን ያ ጥቁር ዘይት ከሞተሩ የመጡ መርዘኛ ነገሮችን እንደ ያዘ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ እኔ ከምቆፍረው ጉድጓድ ጥቂት ሜትር ርቆ አይቼዋለሁ። ሰውን አትቀቡ ለማለት በምትኩ የምሰጠው ነገር ያስፈልገኛል፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ይህ ጽሑፍ የሙት ዓመት መታሰቢያ የሚመስላቸው ባልደረቦች ይኖራሉ። ዱራሜ ውስጥ ዛሬም ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ አይሱዙውና ሚኒባሱ በዘይት ይኖራሉ፤ ለብዙ ዓመትም ይኖራሉ። ቢሆንም ለውጡ መምጣቱ እርግጥ ነው። ባለፈው መስቀል፣ እኛ መሳላ በምንለው በዓል፣ አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። አባቴ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዓይኑም ደክሟል። ማለዳ ተነሥቶ ኮፈኑን አስከፈተና ዘንጉን ፈለገ። የለም። ሞተሩ ዘይት እንደማያስፈልገው ነገርሁት። «ጥርስ የለውም?» አለኝ። አለው፤ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ የጥርስ ሳጥን አለው፤ ጥርሱም በዘይት ይሠራል። «ታዲያ በምን ይለካል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። መመሪያውን ከፍቼ አነበብሁ። መኪናዪቱ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ከሥር ተገብቶ፣ በሳጥኑ ጎን ያለው ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ላይ ከደረሰ ልክ ነው ይላል። አባቴ መኪናዋን ወደዚያች ወደ ድሮ ቦታው እንድናስጠጋት አዘዘና ጨርቅ ለማምጣት ወደ ቤት ገባ።